ቡቺን ትተው ይግቡ? በአረጋውያን መጦሪያ የቤት እንስሳ ስለመያዝ የተደረገ ክርክር

ጠያቂው፣ ከከዚራ፦
በሰፈራችን አንድ አባት አሉ፤ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ያሳለፉ፣ ባለቤታቸውን የቀበሩ፣ ልጆቻቸው ውጭ አገር የሚኖሩ የ81 ዓመት ሰው ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ፣ ድስት መጣድም እያስፈራቸው ስለመጣ ጎረቤት ተባብሮ እዚሁ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ አልጋ አገኘንላቸው። የመጦሪያው ኃላፊ ግን «እርሳቸው ይምጡ፤ ውሻው አይገባም» አሉ። አባታችንም ጋቢያቸውን አጣጥፈው የከተቱበትን ሻንጣ መልሰው አልጋ ሥር ገፉትና «እንግዲያው ቡቺ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ» ብለው ቀሩ። ቡቺ ገና 6 ዓመቱ ነው፤ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ማታ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በር ላይ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ከእንጀራው አንድ ጉርሻ ለራሳቸው፣ አንድ ጉርሻ ለእርሱ ሲያደርጉ አያለሁ። ውሻው ባይኖር ራት የሚበሉ አይመስለኝም። ስለዚህ መጦሪያዎች አረጋውያን የቤት እንስሳቸውን ይዘው እንዲገቡ ሊፈቅዱ ይገባል እላለሁ፤ የማይስማማ ካለ ምክንያቱን ይንገረኝ።

ነርስ፣ ከሳቢያን፦
እኔ አልስማማም፤ የማልስማማውም እንስሳ ጠልቼ አይደለም። ሰማንያን ያለፈ ሰው ከምንም በላይ ሊጠበቅ የሚገባው ከመውደቅ ነው። በሥራ ላይ ሳለሁ አንዲት እናት ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ መተላለፊያው ላይ በተኛች ድመት ተደናቅፈው፣ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ መጥተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለ ሰው ድጋፍ አልተራመዱም። በዚህ ዕድሜ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፤ ውሻ በደስታ ዘሎ የጫረው ቁስል በስኳር ሕመምተኛ ላይ ወራት ሊቆይ ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታንም አቅልለን ልናየው አይገባም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሌሊት አንድ ተረኛ ብቻ ባለበት ቤት ማን አረጋዊውን፣ ማን ውሻውን ይጠብቅ?

የእንስሳት ሐኪም፣ ከድሬዳዋ፦
ስለ መውደቅ እህቴ ያሉት ትክክል ነው። ስለ በሽታው ግን ነገሩን ለይተን እንየው። የእብድ ውሻ በሽታ በአብዛኛው የሚተላለፈው በታመመ ውሻ ንክሻ፣ በምራቁ በኩል ነው፤ ክትባቱን በየዓመቱ እየወሰደ ከግቢ የማይወጣ ውሻ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ሲዞር ከሚያድር ባለቤት አልባ ውሻ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ንክሻ ቢደርስ እንኳ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ ሳይዘገዩ ጤና ተቋም ሄዶ ክትባት መጀመር ሕይወት ያድናል። ድመትን በተመለከተ፣ ከዓይነ ምድሯ ጋር የሚወጣው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ሰውን ለመያዝ የሚበቃው ቢያንስ አንድ ቀን ከቆየ በኋላ ስለሆነ፣ የምትጸዳዳበት አሸዋ በየቀኑ በጓንት ከተጠረገ አደጋው በጣም ይቀንሳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ባለቤቱ ሲታመሙ ወይም ሲያርፉ እንስሳው የማን ይሆናል? ይህ በጽሑፍ ሳይያዝ የሚገባ ውሻ መጨረሻው ከአጥር ውጭ ነው።

እናት፣ ከመጋላ፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም የምትናገሩት አንድ ሰው ብቻውን በአንድ ክፍል እንደሚኖር አድርጋችሁ ነው። እኔ ሰው ልጠይቅ የገባሁበት መጦሪያ በአንድ ክፍል አምስት አልጋ ነበረው፤ ድሬ ደግሞ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን የሚኖርባት ከተማ ናት። እኛ በምንከተለው የሻፊዒይ መዝሀብ፣ ማለትም የእስልምና ሕግ መንገድ፣ ውሻ በእርጥበት የነካው ነገር 7 ጊዜ፣ አንዱንም በአፈር፣ ካልታጠበ አይጠራም። እስቲ ጎንበስ ማለት የተሳናቸው፣ በቀን 5 ጊዜ የሚሰግዱ ሴት፣ ቡቺ መስገጃቸውን በላሰ ቁጥር ይህን እንዴት ያድርጉት? ድመት ግን ሌላ ናት፤ ነጃሳ እንዳልሆነች ነቢዩ ተናግረውላታልና እኛ ቤት ድመት ከማዕዱ አጠገብ ጠፍታ አታውቅም። ስለዚህ «እንስሳ» ብላችሁ በጅምላ አትጠይቁን፤ ድመት ናት ካላችሁኝ ነገውኑ እሺ እላለሁ።

ታዛቢ፣ ከሐረር፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ የጠገበ አገር ክርክር ይመስለኛል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ይደነግጋል፤ አቅሙ ለሰዉ ሳይዳረስ ስለ ውሻ ቀለብ ማውራት አይከብድም? እኛ ሐረሮች ጅብ እናበላለን፤ ነገር ግን ከጁገል ውጭ ነው እንጂ ቤት አናስገባም።

ጠያቂው፣ ከከዚራ፦
በጅቡ ስቄአለሁ። የጠገበ አገር ነገር ነው ላሉት ግን፣ የቡቺ ቀለብ ዛሬም የአባታችን ትራፊ ስለሆነ ከማንም በጀት አይቀነስም። እ.ኤ.አ. በ1991 ቢል ቶማስ የተባለ ወጣት ሐኪም በኒው ዮርክ ግዛት፣ ኒው በርሊን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ቼዝ ሜሞሪያል በተባለ መጦሪያ 2 ውሾች፣ 4 ድመቶችና 100 ወፎች አስገብቶ ነበር። መጀመሪያ ላይ ትርምስ ሆነ፤ ወፎቹ ከጎጆዎቻቸው ቀድመው ስለደረሱ በፀጉር መሥሪያው ክፍል ውስጥ ተለቀቁ። በኋላ ግን ለነዋሪዎቹ የሚታዘዘው መድኃኒት ከሌላ መሰል መጦሪያ ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ወረደ። የእኛ መጦሪያዎች ደግሞ መድኃኒት የሚገዙት በልመና ገንዘብ ነው።

እናታችን ከመጋላ የተናገሩት ግን አሳምኖኛል፤ ውሻው ክፍል ይግባ ማለቴን ትቻለሁ። ሆኖም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ያ «ውሻ አይገባም» ያለን መጦሪያ በሩ ላይ ሁለት የጥበቃ ውሾች አሉት። አንዱ እኔን ሊነክሰኝ ለጥቂት ነው። ውሻ ለአጥሩ ተፈቅዶ ለሰው የተከለከለበት ምክንያት ምንድን ነው?

ነርስ፣ ከሳቢያን፦
የጥበቃ ውሾቹን ነገር አላሰብኩትም ነበር። እንደዚያ ከሆነ ቡቺ ከዘበኛው ጋር በግቢ ይደር፤ አባታችን ጠዋትና ማታ ሰው ደግፏቸው ወደ በሩ ይውጡና ወንበር ላይ ተቀምጠው ያብሉት። ቆመው አይሁን። መራመዱም ይጠቅማቸዋል። ቀን ሌሎቹ ግቢ ውስጥ ሲንሸራሸሩ ግን መታሰር አለበት፤ በዚህ ላይ አልደራደርም።

የእንስሳት ሐኪም፣ ከድሬዳዋ፦
ክትባቱን ቅዳሜ መጥቼ እሰጠዋለሁ፤ ካርዱንም እጽፋለሁ። ከነባሮቹ ውሾች ጋር እስኪላመድ ለየብቻ ይቆዩ።

ጠያቂው፣ ከከዚራ፦
ከአባታችን በኋላ ቡቺን እኔ እንደምረከብ በጽሑፍ ፈርሜ ለመጦሪያው ሰጥቻለሁ፤ ኃላፊውም የክትባት ካርዱን ካዩ በኋላ እንደሚያስቡበት ነግረውኛል። ትናንት ማታ ሁሉንም ለአባታችን አጫወትኳቸው። ስለ ክትባቱም ስለ ፊርማውም ምንም አላሉም። «ቀን ቀን ይታሰራል አልክ?» ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያው የሚታሰርበት ቦታ ጥላ እንዳለው መጀመሪያ እኔ ሄጄ ልይ» አሉ። ለእሁድ ቀጠሮ ይዤላቸዋለሁ።