ምስክር ብቻውን ለልደት ካርድ ይበቃል?

የሆጤ ልጅ፣ ደሴ፦
ጥቅምት 2014 ላይ በጦርነቱ ከቤታችን ስንወጣ ወረቀት የያዘ ስንቱ ነው? ስንመለስ የልደት ካርዱም የክትባት ካርዱም የለም። አሁን ለፓስፖርት ልደት አምጡ፤ ለልጅ ትምህርት ቤት ልደት አምጡ። እኔ የምለው፣ ሰው ምስክር ካቀረበ ያለ ምልልስ ይሰጠው። ሲወለድ እልል ያለች ጎረቤት እያለች ሌላ ምን ይፈለጋል?

መምህር፣ ኮምቦልቻ፦
አልስማማም እህቴ። አንዲት ተማሪዬ 15 ዓመቷ ነበር። ምስክር ቆመላትና በወረቀት 21 ሆነች። አሁን ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ለሥራ ውጭ አገር መላክን ይከለክላል፤ ግን ወረቀቷ ላይ ልጅ አይደለችም። በወሎ ይህን ያላየ ማን አለ? ምስክሮቹም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ዘመድ ናቸው፣ ይሉኝታ ይዟቸው ነው።

አባት፣ ከአራዳ፦
መምህር፣ ያሉት ያማል፣ እውነትም ነው። ግን ልጅቷን ያሻገራት ደላላ ነው። በእሱ ጥፋት የኔ እናት ለምን ትቀጣ? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ ማለትም ልደት፣ ጋብቻና ሞት የመሳሰሉትን መመዝገብ፣ በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። እሷ ገጠር፣ ጎጆ ውስጥ ነው የተወለደችው። ወላሂ፣ ከሰው ቃል ሌላ ምንም የላትም።

ቀበሌ የሠራሁ፦
ሁለት ነገር እየተደባለቀ ነው። ጭራሽ ያልተመዘገበ ሰው አለ። ተመዝግቦ ካርዱ የጠፋበት ደግሞ ሌላ ነው። የአራዳው አባት እናት የመጀመሪያው ናቸው፤ ምስክር ያስፈልጋቸዋል። የጠፋበት ሰው ግን ስሙ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ 760/2004 መሠረት የምዝገባው ቅጂ ቀበሌ ብቻ አይቀርም፣ ወደ ላይም ይተላለፋል። እዚህ ቢጠፋ እዚያ ይፈለግ። ይህን ሰው እንደገና ምስክር አምጣ ማለት የቢሮውን ሥራ በእሱ ላይ መጫን ነው። እኔ ሥራ ላይ እያለሁ በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነበር።

የሆጤ ልጅ፦
ይሄ ልዩነት ገብቶኛል፣ ደስም ብሎኛል። ለትልቅ ሰው ግን አሁንም ምስክር ይበቃል ባይ ነኝ። እናቶቻችንን ማስረጃ እያሉ ማመላለስ ግፍ ነው።

መምህር፦
ለእናቶች እሺ፣ አልከራከርም። ለወጣት ሴት ልጅ ግን በፍጹም። እያንዳንዷ የተማረችበት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ስትገባ የተሞላ ዕድሜዋ አለ። ምስክር ከመቀበላቸው በፊት ያንን ያስመጡ። አንድ ቀን ቢፈጅ ነው።

አባት፣ ከአራዳ፦
በዚህ ተስማማን። ደላላው ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ መዝገብ አይቀይርም። አዲስ የወለዳችሁም 90 ቀን ሳይሞላ አስመዝግቡ፤ ከጤና ጣቢያ የተሰጣችሁን የልደት ማሳወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። ለእነዚህ ልጆች እንኳ ምስክር ፍለጋ አይኑር።