ከፊልም ላይ ትዕይንት ቆርጦ ማሳየት እስከ ምን ድረስ ነው?

የጦሳ ልጅ (ደሴ)፦
በሠፈራችን አዳራሽ ቅዳሜ ማታ ፊልም እናሳያለን። ተመልካቹ ከሕፃን እስከ አዛውንት ስለሆነ፣ ማጫወቻውን የሚይዘው ልጅ ነውር የመሰለው ትዕይንት ሲመጣ ያሳልፈዋል። ባለፈው ግን ባልየው ሚስቱን በመኝታ ቤት የሚደበድብበትን ትዕይንት አብሮ ስላሳለፈው፣ ጥላው ስትሄድ አዳራሹ በሙሉ ያለ ጥፋቷ ሲረግማት አመሸ። አሁን ደግሞ አንዳንዶች «አስቀድመን ቆርጠን ንጹሕ ቅጂ እናዘጋጅ» ይላሉ። የባለሙያውን ሐሳብ ማዛባት አይሆንም ትላላችሁ?

ቦርከና፦
ወንድሜ፣ ማሳለፍና ቆርጦ ቅጂ መሥራት ለየቅል ናቸው። ክሊንፍሊክስ የተባለው የዩታ ድርጅት ስድብና እርቃን ያለባቸውን ትዕይንቶች አውጥቶ ፊልሞችን ያከራይ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቅጂ ዋናውን ዲስክ ቢገዛም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ ፍርድ ቤት የቅጂ መብት ጥሰት ነው ብሎ አስቆመው። በ2005 የወጣው ሕጋቸው ግን፣ ቋሚ ቅጂ እስካልተሠራ ድረስ፣ ሰው በቤቱ ትዕይንት የሚዘልበትን ቴክኖሎጂ ፈቅዷል። በእኛም አገር የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) የሥራ አመንጪው ክብሩን ወይም ዝናውን የሚጎዳ ለውጥ እንዲቃወም መብት ሰጥቶታል። (ለሕዝብ ማሳየቱ ራሱ ፈቃድ እንደሚጠይቅ መቼም አትዘነጉትም።)

አባ መላ፦
ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል፤ ስለዚህ ሳንሱር አታድርጉ።

የሐይቅ ዳር፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ያ አንቀጽ የሚያስረው መንግሥትን እንጂ ለልጆቻቸው የሚሳሱ የሠፈር ሽማግሌዎችን አይመስለኝም። ደግሞም «የባለሙያው ሐሳብ» ሁልጊዜ አንድ አይደለም፦ ብሌድ ራነር የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ ስቱዲዮው የተራኪ ድምፅና ደስ የሚል ፍጻሜ ጨምሮበት ነበር፤ ሁለቱም የተወገዱት በ1992ቱ ቅጂ ነው፤ ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ሙሉ በሙሉ የተቆጣጠረው ቅጂ ደግሞ በ2007 ተከተለ። ልዩነቱ እነዚያ ቅጂዎች የትኛው የትኛው እንደሆነ ተነግሮ የወጡ መሆናቸው ነው። የእናንተ ተመልካች ግን ምን እንደተወሰደበት ስለማያውቅ፣ የተጎደለውን ታሪክ ሙሉ አድርጎ ይፈርዳል። እኔ ብሆን አንድ ሰው አስቀድሞ ፊልሙን እንዲያይ አደርጋለሁ፤ ለልጆች የማይሆነውን ሳልነካው ለአዋቂዎች አመሻሽቼ አሳያለሁ፣ ለልጆቹም ሌላ ፊልም እመርጣለሁ።

የጦሳ ልጅ፦
አብሽሩ፣ ቅጂ የመሥራቱን ነገር ትተነዋል። የሚቀረን ልጆቹን አስቀድሞ ወደ ቤት መሸኘት ነው፤ እሱ ደግሞ ከሕጉም ይከብዳል።