ምንጣፍን በቫኪዩም ማጽዳት ከመጥረግና ከማራገፍ በምን ይሻላል?

የደሴዋ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሳሎናችን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ የተነጠፈበት ሲሆን፣ እናቴ ከወላጆቿ የወረሰችው የበግ ፀጉር ምንጣፍም አለን። የበግ ፀጉሩን አጥር ላይ ሰቅለን በዱላ እናራግፈዋለን፤ ትልቁን ግን ከመጥረግ ሌላ ምርጫ የለንም፤ በተጠረገ ቁጥር ደግሞ አስም ያለባት እናቴ ትንፋሽ ያጥራታል። ቫኪዩም (አቧራ መሳቢያ ማሽን) መግዛታችን በእርግጥ ይጠቅማታል? የበግ ፀጉሩንስ አይጎዳውም?

የኮምቦልቻው (በሆቴል ጽዳት የምሠራ)፦ እኅታችን፣ መጥረጊያ ላይ ላዩን ያነሣል እንጂ ሥር የገባውን አሸዋ አያወጣም፤ ደቃቁን አቧራ ደግሞ አየር ላይ በትኖት ተመልሶ እዚያው ያርፋል። ምንጣፍን ያለ ዕድሜው የሚያስረጀውም ይኸው አሸዋ ነው፤ በተረገጠ ቁጥር ክሩን ከሥሩ እየከረከረ ይበጥሰዋል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ እ.ኤ.አ. በ1901 የመሳቢያ ማሽኑን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው አቧራን በአየር እየነፋ የሚበትን ማሽን ካየ በኋላ ነበር፤ መንፋቱን ትቶ መሳቡን መረጠ፣ ጥቅሙ ሁሉ የሚመነጨውም ከዚህ ነው። ሲያጸዱ ቀስ ብለው ይግፉት፤ በቁመቱ ከሄዱ በኋላ በአግድሙ ይድገሙት። ቡና ከተፈላ በኋላ ግን የወደቀ ፍም ወይም ትኩስ አመድ ፈጽሞ እንዳይስቡበት፤ እሳት ያስነሣል። የቀዘቀዘውም አመድ ቢሆን ማጣሪያውን ይደፍነዋል።

የወልድያዋ (ነርስ)፦ ለእናትዎ ሲባል ከጉልበቱ ይልቅ ማጣሪያውን ይመልከቱ። ማጣሪያው ደካማ ከሆነ ማሽኑ ከፊት የሳበውን ደቃቅ አቧራ በኋላው መልሶ ይተፋዋል። ሄፓ የሚባለው ደቃቅ አቧራ የሚያስቀር ማጣሪያ፣ እውነተኛ ከሆነ፣ 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ከሚያህሉ ቅንጣቶች ቢያንስ 99.97 ከመቶውን ያስቀራል። ያም ሆኖ አስም የሚቀሰቅሱት የአቧራ ቅንቅኖች (በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት) ክሩን ሙጭጭ አድርገው ስለሚይዙ ሁሉም ተስበው አይወጡም፤ ስለዚህ መድኃኒቷን በሐኪም ትእዛዝ መቀጠል አለባት። ሲጸዳ ከክፍሉ ትውጣ፣ አቧራው እስኪሰክን ትቆይ፤ ማጠራቀሚያውን ሌላ ሰው ደጅ ወስዶ ይድፋላት።

የሐይቁ፦ ስለ በግ ፀጉሩ ልጨምር። የሚሽከረከረውን ብሩሽ አጥፍተው በመሳቢያው ብቻ፣ ጉልበቱን ቀንሰው ያጽዱት፤ ዘርፉን አይንኩ፣ ማሽኑ ጎትቶ ይበጥሰዋልና። ጀርባውንና ሶፋ ሥር የሚውለውን ክፍል አይርሱ፤ ብል እንቁላሉን የሚጥለው ጨለማና ያልተነካካ ቦታ ላይ ሲሆን ፀጉሩን የሚበላው ደግሞ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ነው፤ በየጊዜው መሳብ ሁለቱንም ያወጣቸዋል። በዱላ ማራገፉንም ሙሉ በሙሉ አይተዉት፤ እናትዎ በሌሉበት፣ ከቤት ርቆ ይሁን እንጂ ከሥር ያለውን አሸዋ ለማላቀቅ ዛሬም ይጠቅማል።