በአውቶብስ ጂንካ ድረስ መሄድ ያዋጣል?

የጅሬን ልጅ፦
ሰላም ኢጆሌ ጅማ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እቁብ ደርሶኝ ከጅማ ተነስቼ ኮንሶ፣ ቀይ አፈር፣ ጂንካ ድረስ ደርሼ ልምጣ እያልኩ ነው፣ ግን ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ነው፣ ታላቅ እህቴ "በዚህ ኑሮ ውድነት ሰው ገበያ ለማየት አገር ያቋርጣል? ሐሙስ ገበያ አለልህ አይደል" ትለኛለች። የሄዳችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ ያዋጣል ወይስ ስልክ ልቀይርበት?

መናኸሪያ፦
ያዋጣል ወንድሜ። አዲስ አበባ አትዙር፣ በጭዳ ተርጫ አድርገህ ሶዶ ውጣ፣ ከዛ አርባምንጭ፣ ኮንሶ። ዋናው ነገር ቀኑ ነው፣ የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ ነው የሚቆመው፣ በናውም ፀማዩም አሪውም ይወጣል፣ ዲመካ ደግሞ ቅዳሜ፣ እዛ ሐመሮቹን ታገኛለህ፣ ቀኑን ከሳትክ ግን ምንም አታይም። እኔን የገረመኝ ቡናው ነው። ጅማ ስለተወለድን ቡና የምናውቅ ይመስለናል፣ እነሱ ግን ገለፈቱን ነው የሚያፈሉት፣ ሾፎሮ ይሉታል፣ በትልቅ ቅል ሞልተው ይሰጡሃል፣ ሲኒ የለ ስኳር የለ። ይሄ የደረሰኝ ደግሞ ሚኒባሱ እስኪሞላ ግማሽ ቀን ስለተገተርኩ ነው፣ አንዲት እናት አይተውኝ ና ቁጭ በል ብለው ነው። በኮንትራት መኪና የመጡት ፎቶ አንስተው ወዲያው ሄዱ፣ ብዙ ብር ከፍለው ከኔ ያነሰ ነው ያዩት።

ዝም አልልም፦
እኔ ግን የሙርሲ ሴት ከንፈር ፎቶ አንስቶ ከፍሎ መጥቶ "ባህል አየሁ" የሚል ሰው ያናድደኛል። ሀሳብህ እሱ ከሆነ እህትህ ልክ ናት፣ ስልኩን ግዛ። ካልሆነ ኮንሶ ላይ ቀን ጨምር፣ ሰው ለምሳ ብቻ ነው የሚቆምባት። ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. የመዘገበው እርከን እኮ ነው፣ ተራራውን በድንጋይ ደርድረው እርሻ ሲያደርጉት በእግርህ ወጥተህ ካላየኸው ከመኪና መስኮት ምንም አይገባህም። የአገሩን ልጅ አስጎብኚ ያዝ፣ በአልጋ ቆጥብ በምግብ ቆጥብ እሱ ላይ ግን አትቆጥብ፣ ለጀግና የሚያቆሙትን ዋካ የሚባለውን የእንጨት ሐውልት እንኳ ሚስቱ የቷ፣ የገደለው ጠላት የቱ እንደሆነ የሚነግርህ ከሌለ እንጨት አይተህ ነው የምትመለሰው። ጨቃውንም፣ የአገሩን ጠላ ማለቴ ነው፣ ቅመስ፣ አደራ።

የጅሬን ልጅ፦
እሺ አመሰግናለሁ፣ አስጎብኚውን ይዣለሁ 😄 ሚያዝያ ላይ ብሄድስ?

መናኸሪያ፦
ኧረ ሚያዝያ አይሆንም! እንደኛ ክረምት እንዳይመስልህ፣ እዛ ዝናቡ የሚከብደው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ወደ ዲመካ ስትገባ ደረቅ ወንዙ ሁሉ ይሞላና መኪና አያሻግርም። ጥር አድርገው። ከመነሳትህ በፊት ደግሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሹፌሮቹን ጠይቅ፣ ዝርዝር ብርም ያዝ፣ ገበያ ላይ የሚመነዝርልህ አታገኝም።