ክርክር፦ መጀመሪያ ታሪኩ ይነበብ ወይስ “ጭብጥ” እና “መቼት” ይጠና?

ጠመኔ፦
ጎበዝ፣ አንድ ነገር ላንሳና ተከራከሩበት። ሁለተኛ ደረጃ ስነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። በቀደም አንድ አጭር ልቦለድ አስነብቤ “ጭብጡ ምንድን ነው?” የሚል የክፍል ሥራ ሰጠሁ። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ “ቲቸር፣ የመሰለኝን ልጻፍ ወይስ የሚታረመውን?” አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ልጅቷ የቀለደች አልመሰለኝም። መቼት (ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ) ማለት፣ ሴራ (የድርጊቶቹ ሰንሰለት) ማለት፣ ግጭት ማለት እያልን ትርጉም ስናስጽፍ ከርመን፣ ታሪኩ ራሱ ሲመጣ ልጆቹ የሚያነቡት ስለ ሰው መሆኑን ረስተውታል። የኔ አቋም፦ መጀመሪያ ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ ልጆቹ የተሰማቸውን ይናገሩ፣ ስያሜው ኋላ ይድረስ።

ኋላ ወንበር፦
መምህር፣ በአክብሮት አልስማማም። እኔ የተማርኩት እርስዎ በሚሉት መንገድ ነው። አስተማሪያችን ያነብልናል፣ ከዚያ “ምን ተሰማችሁ?” ይላል። “ደስ ይላል።” “ያሳዝናል።” አለቀ። ሁሌ የሚናገሩት እነዚያው ሦስት ልጆች ነበሩ፣ እኔ ከኋላ አንገቴን ደፍቼ ዓመቱን ጨረስኩ። አንድ ግጥም ለምን እንደሚያሳዝን ማስረዳት የቻልኩት ተለዋጭ ዘይቤ (አንዱን ነገር ሌላ ነው ብሎ መግለጽ)፣ ድግግሞሽ፣ የስንኝ አወራረድ የሚባሉትን ነገሮች በስማቸው ካወቅኩ በኋላ ነው። ስሙን የማያውቀውን ነገር ልጁ በምን አፉ ይከራከርበታል? ስሜትማ ማን የሌለው አለ።

ዳር ያዥ፦
ኋላ ወንበርን ልደግፍ። አይ. ኤ. ሪቻርድስ የሚባል የካምብሪጅ መምህር 13 ግጥሞችን የገጣሚዎቹን ስም ደብቆ ለተማሪዎቹ አደለና የመሰላቸውን እንዲጽፉ ጠየቀ። በ1929 እ.ኤ.አ. ውጤቱን ሲያሳትመው ጉድ ተባለ። እዚያ የደረሱ ተማሪዎች፣ ሌላው ይቅርና፣ ግጥሙ በቀጥታ የሚለውን እንኳ ብዙ ጊዜ ስተውታል። “የመሰላችሁን ጻፉ” ብቻውን የሚያደርሰው እዚህ ነው።

ጠመኔ፦
ዳር ያዥ፣ ምስክርህ ለኔም ይመሰክራል! ሪቻርድስ ራሱ ካማረራቸው ነገሮች አንዱ ተማሪዎቹ ከግጥሙ ፊት ተቀምጠው ቀድሞ የተዘጋጀ ስሜት መምዘዛቸው ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ደጋግሞ ማንበብ እንጂ የቃላት ፍቺ አይደለም። ሉዊዝ ሮዘንብላት የምትባል አሜሪካዊት ደግሞ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግጥም የሚፈጠረው በጽሑፉና በአንባቢው መካከል ነው ስትል ኖራለች። አንድ ምሳሌዋን አልረሳውም። ልጇ መርዝ የጠጣባት እናት የጠርሙሱን ጽሑፍ ስታነብ ማርከሻውን ብቻ ነው የምትፈልገው፣ ስለ ቃላቱ ውበት ግድ የላትም። እኛ ልጆቹን ልቦለድ የምናስነብበው ልክ እንደዚያ ጠርሙስ ነው፤ መልሱን ፈልግ፣ አውጣ፣ ክደን።

የሁለት ልጆች እናት፦
ይቅርታ፣ ሁላችሁም ፈተናውን ረሳችሁት። የትልቋ ልጄ ደብተር ላይ የልቦለዱ ማጠቃለያ ከነገጸ ባህርያቱ ዝርዝር ሰፍሯል። መጽሐፉ ግን ገና ሽፋኑ አልታጠፈም። ብቆጣት “እማዬ፣ ፈተና ላይ የሚመጣው እኮ ይሄ ነው” አለችኝ። እውነቷን ነው። “ደራሲው ለማለት የፈለገው፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ።” ፈተናው እንደዚህ እያለ አስተማሪው ቢያነብ ባያነብ ምን ይለወጣል?

ዳር ያዥ፦
እዚህ ላይ እጅ ሰጥቻለሁ። “ደራሲው ለማለት የፈለገው” የምትለው ጥያቄማ ገና በ1946 እ.ኤ.አ. ዊምሳትና ቢርድስሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የደራሲው ሐሳብ ለሥራው መለኪያ አይሆንም ብለው ጽፈውባታል። እነሱ ደግሞ የስሜት ሰዎች አልነበሩም፣ ጽሑፉን በጽሑፍነቱ መርምሩ ባዮች ናቸው። ከሁለቱም ወገን ደጋፊ ያጣች ጥያቄ ናት፣ ፈተና ላይ ግን አልጠፋችም (ለማረም ስለምትቀል ይመስለኛል)።

ገና ተማሪ፦
እኔ አሁን የምማር ነኝ፣ ልናገር? ማጠቃለያ ከሆነ ስልኬ በግማሽ ደቂቃ ይሰጠኛል፣ ስለዚህ በሱ አትጣሉ። አንድ ቀን ግን ቲቸር ሰሌዳ ላይ ከምናነበው ታሪክ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጻፈ፦ “አባትየው በሩን ገርበብ አድርጎት ወጣ።” ከዚያ “ለምን ዘግቶት አልወጣም?” አለን። አንዱ “ይመለሳላ” አለ። አንዷ “አይደለም፣ ሲዘጋ ድምፅ ሰምተው እንዳይነቁ ነው” አለች። በጭራሽ አውርቶ የማያውቅ ልጅ ደግሞ “መሄዱን እሱም አልወሰነም” አለ። ፀጥ አልን። ደወሉ እስኪደወል ተጨቃጨቅን። ቲቸር ሊወጣ ሲል ነው “ይሄ በር ትእምርት ይባላል፣ ከራሱ አልፎ ሌላ ነገር ይወክላል” ያለን። ቃሏን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጽፈናት ነበር፣ ማንም አልያዛትም።

ኋላ ወንበር፦
ገርበብ! ጎሽ። ግን ልብ በሉ፣ ቲቸሩ “ምን ተሰማችሁ?” አላለም። ቃል ላይ ነው የጠቆመው። ያ ዝምተኛ ልጅ አፉን የከፈተው የሚይዘው ነገር ስለተሰጠው ነው። በዚህ ከሆነ እኔም ስያሜው ኋላ ይምጣ እላለሁ። የቀረኝ ጥያቄ፦ በአንድ ዐረፍተ ነገር አንድ ክፍለ ጊዜ ካለቀ ሙሉ ልቦለድ በስንት ዓመት ያልቃል?

ጠመኔ፦
አያልቅም። ቀሪውን ቤታቸው ያነቡታል፣ ወይም አያነቡትም፤ ዛሬም አላነበቡትም እኮ። ለማንኛውም ሰኞ “ምን ተሰማችሁ?” የምትለዋን ትቼ ከታሪኩ አንዲት ቃል መርጬ እገባለሁ።

ኋላ ወንበር፦
ከኋላ ወንበር ይጀምሩልኝ፣ መምህር።