«አወዛጋቢ»፣ «ጽንፈኛ»፣ «ዋልታ ረገጥ»፦ ሕዝብ የተለያየባቸውን መሪ በምን ቃል እንጥራቸው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በእጄ ላይ ያለው የትርጉም ሥራ ስለ አንድ አገር መሪ የሚናገር ነው፤ ከአገሪቱ ሰዎች ገሚሱ እንደ አዳኝ፣ ገሚሱ እንደ አጥፊ እንደሚያያቸው፣ የሚያወጡት መመሪያ ሁሉ ገና ሳይነበብ በአንዱ ወገን እንደሚጸድቅ፣ በሌላው ወገን እንደሚወገዝ ይተርካል። ይህን ሁኔታ ባጭሩ ለመግለጽ «አወዛጋቢ መሪ» ብዬ ጻፍሁና ሰረዝሁት፤ «ጽንፈኛ አስተያየት» አልሁ፣ እሱንም ሰረዝሁት፤ «ዋልታ ረገጥ» የሚለውም ቢሆን ልቤን አላሳረፈውም። ሦስቱም ዋናው ጽሑፍ ያልሰጠውን ፍርድ ይዘው የሚገቡ መሰለኝ። ልዩነታቸውን የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የመጀመሪያ ምላሽ

ጥርጣሬዎ ትክክል ነው፤ በተለይ «አወዛጋቢ» በሚለው ላይ። ቃሉን ከግሡ ጀምረን ብናየው ነገሩ ግልጽ ይሆናል። «ተወዛገበ» ሰዎች እርስ በርሳቸው መጨቃጨቃቸውን ይናገራል፤ «አወዛገበ» ደግሞ ሌሎችን ያጨቃጨቀውን ያመለክታል። ስለዚህ «አወዛጋቢ» ማለት በቃሉ ቅርጽ ሌሎችን እንዲወዛገቡ የሚያደርግ ማለት ነው። «አከራካሪ»፣ «አነጋጋሪ»፣ «አጠያያቂ» የሚሉት በዚሁ ቅርጽ የተሠሩ ናቸው። ቅርጹ ለነገር ሲነገር ምንም ክስ የለበትም፤ «አወዛጋቢ ረቂቅ ሕግ» ቢባል ረቂቅ ሕግ ሐሳብም ተንኮልም ስለሌለው ጭቅጭቁ የሰዎቹ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ለሰው ሲነገር ግን ያው ቅርጽ አስቦና ፈልጎ የሚሠራውን ሰው ያመለክታል፤ «አስታራቂ»፣ «አደራዳሪ»፣ «አዋዋይ» ስንል ሥራዬ ብሎ የያዘውን ሰው ማለታችን ነውና። ስለዚህ «አወዛጋቢ መሪ» የሚለውን የሰማ ሰው፣ ጸሐፊው ባያስበውም እንኳ፣ ጠቡን የሚጭሩት መሪው ራሳቸው ናቸው ብሎ ሊረዳ ይችላል። ዜና ጸሐፊዎች ይህን ቅጽል ከመሪ ስም በፊት ሲያስቀምጡት ባየሁ ቁጥር ቅር ይለኛል፤ አንድ ሙሉ ክርክር በአንድ ቅጽል ተፈርዶ ያልቃልና። እኔ ብሆን «አወዛጋቢ»ን ለፖሊሲው ትቼ፣ ስለ ሰውየው «ሕዝብ የተለያየባቸው» እላለሁ። «በ» እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ትሠራለች፤ ልዩነቱ በእሳቸው ጉዳይ የተነሣ መሆኑን ትናገራለች እንጂ እሳቸው አስነሡት አትልም።

«ጽንፍ» ረጅም ታሪክ ያለው ቃል ነው። በግእዝ የልብስ ጠርዝ፣ የነገር ዳርቻ ማለት ነው። በወንጌል ደም ይፈስሳት የነበረችው ሴት የነካችው «ጽንፈ ልብሱ» ነው። ብዙ ቁጥሩ «አጽናፍ» ሲሆን «አጽናፈ ምድር»፣ «አጽናፈ ዓለም» ስንል ዛሬም ክብሩን እንደ ጠበቀ አለ። «ጽንፈኛ» ግን ከዚያው ሥር ወጥቶ የስድብ ያህል ሆኗል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሚገርመኝ፣ ጠርዝ ያለ ልብሱ ጠርዝ ሊባል አለመቻሉ ነው፤ ከወዲህ ያለውም ጽንፍ ከወዲያ ያለውም ጽንፍ የአንድ ጨርቅ ነው። በዛሬው አነጋገር ግን «ጽንፈኛ» የተባለው ሰው ከጨርቁ ውጭ የቆመ ያህል ይቆጠራል፤ ደግሞም ማንም ራሱን በዚህ ስም ሲጠራ አይሰማም፤ ሁልጊዜ ሌላው ወገን የሚጠራበት ስም ነው። ባለቤቱ የማይቀበለው ስም ደግሞ ለሐተታ አይሆንም፤ ለጠብ ይሆናል እንጂ። ስለዚህ በትርጉምዎ ውስጥ በተናጋሪ አፍ ካልሆነ በቀር በጸሐፊው ድምፅ ባይገባ እመርጣለሁ።

የቀረው «ዋልታ ረገጥ» ነው፤ እኔ የምደግፈውም እሱን ነው፤ ግን በልኩ። ዋልታ ከማገር ጋር የቤት አካል ነው፤ «የአገር ዋልታና ማገር» የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። በመልክዐ ምድር ትምህርት ደግሞ የሰሜን ዋልታና የደቡብ ዋልታ እንላለን፤ «ዋልታ ረገጥ» የተሠራው በዚህኛው ትርጉም ነው፤ አንዱ በሰሜን ጫፍ፣ ሌላው በደቡብ ጫፍ ቆሞ መሀሉ ባዶ መቅረቱን ያሳያል። ይህን ቃል «መሪው ተጠልተዋል» ለማለት የሚጠቀሙበት አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። መጠላት አንድ ነገር፣ ዋልታ መርገጥ ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱን በቁጥር ለማሳየት ጋሉፕ የተባለው የአሜሪካ የአስተያየት መጠይቅ ድርጅት የሰበሰበውን የሕዝብ አስተያየት እንውሰድ። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዳብሊው ቡሽ በመስከረም 2001 እ.ኤ.አ. ከተፈጸመው ጥቃት በኋላ 90 ከመቶ ድጋፍ አግኝተው ነበር፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ወደ 25 ከመቶ ወረዱ። ከዚያ በፊት በ1952 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን 22 ከመቶ ላይ ደርሰው ነበር። ከእነዚህ ቁጥሮች የምንረዳው የድጋፍን መውጣትና መውረድ ብቻ ነው፤ ለዚህ «ተወደዱ»፣ «ተጠሉ»፣ «ተቀባይነታቸው አሽቆለቆለ» ማለት ይበቃል። በፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የመጀመሪያ የሥልጣን ዘመን የታየው ግን ሌላ ነው፤ ከሪፐብሊካን ፓርቲ ደጋፊዎች ከ10 ሰው 9ኙ ያህል ሥራቸውን ሲያጸድቁ፣ ከዴሞክራቶቹ ያጸደቁት ከ10 አንድ እንኳ አልሞሉም። አጠቃላይ ቁጥሩ መካከለኛ ሊመስል ይችላል፤ በመካከሉ ግን የቆመ ሰው ጥቂት ነው። «ዋልታ ረገጥ» መባል ያለበት ይህኛው ነው።

ሁለተኛ ምላሽ

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አነበብሁት፤ በአብዛኛውም እስማማለሁ። ነገር ግን ጠያቂያችን በስሙና በቅጽሉ ሲጨነቁ ግሡ ቀድሟቸው አቋም እንዳይዝባቸው እሰጋለሁ። አማርኛ አንድ ወንድ መሪ ባለቤት የሆነበትን ማንኛውንም ዓረፍተ ነገር በ«አለ» ወይም በ«አሉ» ዓይነት ግሥ እንድንጨርስ ያስገድደናል፤ ሦስተኛ መንገድ የለም። ብዙዎች «እሳቸው» የሚለው የደጋፊ፣ «እሱ» የሚለው የተቃዋሚ ነው ብለው ያስባሉ። የሰዎችን ንግግር በጥሞና ላዳመጠ ግን እንዲህ አይደለም። አጥብቆ የሚወድ ሰውም «እሱ ነው ያሻገረን» ይላል፤ በጸሎት እግዚአብሔርን «አንተ» እንደምንለው፣ ቅርበት አክብሮትን ያልፈዋልና። አጥብቆ የሚጠላውም «እሱ ነው ያጠፋን» ይላል። ሁለቱ ዋልታዎች በአንድ ተውላጠ ስም ይገናኛሉ፤ «እሳቸው» የሚለው ቃል ለሹመቱ፣ ለወንበሩ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ የጸሐፊው ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «እሳቸው»ን ቢጠብቅ፣ የደጋፊዎቹና የነቃፊዎቹ ንግግር ግን ሁለቱም «እሱ» እያሉ ቢመጡ፣ አንድም ቅጽል ሳይጨመር መከፋፈሉ ይሰማል።

«ተቃወመ»ንም ማንሣት እፈልጋለሁ። ሥሩ «ቆመ» ነው፤ «አቋም»፣ «ተቋም»፣ «ቋሚ» ሁሉ ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። ተቃዋሚ በቃሉ ጠላት አይደለም፤ ፊት ለፊት የቆመ ነው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ሥልጣን ከያዙ ወዲህ «ተቃዋሚ ፓርቲ» በሚለው ፈንታ «ተፎካካሪ ፓርቲ» ማለት በሰፊው ተለምዷል። የአዲሱ ስያሜ ሐሳብ የጠላትነትን ስሜት ማስወገድ እንደ ሆነ ይገባኛል፤ በጎ ሐሳብም ነው። ነገር ግን ሁለቱ ቃላት አንዱ የሌላውን ቦታ መሙላት አይችሉም። «ተፎካከረ» ከ«ፎከረ» የወጣ ነው፤ ለአንድ ነገር፣ በዚህ ቦታ ለሥልጣን፣ መሽቀዳደምን ይናገራል። አንድን የግብር አዋጅ የማይቀበል ገበሬ ወይም መምህር ከማንም ጋር አይፎካከርም፤ አዋጁን ይቃወማል። «ተቃዋሚ» የሚለውን ቃል ከጣልነው ይህን ሰው የምንጠራበት ስም እናጣለን፤ ስም ያጣ ሰው ደግሞ ከሁለቱ ዋልታዎች ወደ አንዱ ተገፍቶ መቆጠሩ አይቀርም።

ፖሊሲን ከሰው መለየት የሚቻል መሆኑን የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማርጋሬት ታቸር ያወጡት በነፍስ ወከፍ የሚከፈል ግብር ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ባለጸጋውም ድኻውም በመሠረቱ እኩል እንዲከፍል የሚያደርገው ይህ ግብር በስኮትላንድ በ1989፣ በእንግሊዝና በዌልስ በ1990 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል፣ ከተቃወሙት መካከል ሌላውን ፖሊሲያቸውን ሲደግፉ የኖሩ የራሳቸው ፓርቲ አባላት ነበሩበት። እነዚህን ሰዎች «የታቸር ተቃዋሚዎች» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ «ግብሩን የተቃወሙ የታቸር ደጋፊዎች» ናቸው። ሐረጉ ረዘመ ተብሎ ማሳጠር አይገባም። ታቸር በዚያው ዓመት ኅዳር ከሥልጣን ለቅቀው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ግን የሚያለቅሱና በየአደባባዩ የሚጨፍሩ ሰዎች በአንድ ቀን ታዩ፤ ያ ከግብሩ ያለፈ፣ በሰውየዋ ላይ የጸና መለያየት ነው። የተለያየ ነገር ስለ ሆነ የተለያየ ቃል ያሻዋል።

ከጠያቂው

ሁለታችሁም ብዙ አስተማራችሁኝ። አንድ ነገር ልጨምር። ጽሑፉ ውስጥ ከሁለቱም ወገን ያልሆነች አንዲት አስተማሪ አለች፤ የመሪውን የትምህርት ፖሊሲ ታደንቃለች፣ የፕሬስ ሕጋቸውን ትነቅፋለች፣ በዚህም የተነሣ ሁለቱም ወገን አያምናትም። «መሀል ሰፋሪ» ልበላት?

የመጀመሪያው መላሽ

አይበሏት፤ እባክዎ። «መሀል ሰፋሪ» ዛሬ የሚነገረው አቋም ለሌለው፣ ያሸነፈው እስኪታወቅ ለሚጠብቅ ሰው ነው። ይህች ሴት ሁለት አቋም አላት፤ ሁለቱንም ተናግራለች። ቃሉ በራሱ ግን ጥንት እንዲህ አልነበረም። መሀል ሰፋሪ የቤተ መንግሥቱ ጦር ስም ነበር፤ በመሀል የሚሰፍር፣ ለንጉሡ ቅርብ የሆነ ወታደር። በ1910 ዓ.ም. ይኸው ጦር ሚኒስትሮቹን ከስሶ ከሥልጣን እንዲሻሩ ያደረገ ነው። በአገሪቱ ፖለቲካ ውስጥ ያን ያህል ቁርጥ ያለ አቋም የወሰደ ስም፣ አቋም ለሌለው ሰው መጠሪያ ሆኖ መገኘቱን ሳስበው ቃላትም እንደ ሰው ክፉ ዕጣ ይገጥማቸዋል እላለሁ። ለአስተማሪቱ «ሐያሲ» የሚለውን ያስቡበት። «ሂስ» በግእዝ ሥሩ ነቀፋ ቢሆንም፣ በሥነ ጽሑፍ ዘንድ ደካማውንም ጠንካራውንም መዝኖ መናገር ሆኗል፤ እሷ የምታደርገውም ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው መላሽ

«ሐያሲ» ለአንድ አስተማሪ ከበድ ይላል፤ መጽሐፍ የሚመረምር ሰው ይመስላል። ስም ባይሰጧትስ? ያደነቀችውንና የነቀፈችውን በግሥ ይንገሩን፤ «ፖሊሲውን አደነቀች፣ ሕጉን ነቀፈች» ማለት ይበቃል። ሁለቱም ወገን በስም ተጠርቶ እሷ ብቻ በግሥ ስትገለጽ፣ ከእነሱ የምትለይበት ነገር ራሱ ይታያል። አንድ ማሳሰቢያም አለኝ፤ «ሕዝቡ» የሚለውን ቃል ይጠንቀቁት። በአማርኛ ሕዝብ እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል፤ «ሕዝቡ ወሰነ»፣ «ሕዝቡ ይወዳቸዋል» እንላለን። ደጋፊውም ነቃፊውም «ሕዝቡ ከእኛ ጋር ነው» ሲል የሚረዳው ይኸው ነጠላ ግሥ ነው፤ የተከፈለውን አንድ አድርጎ ያቀርበዋልና።

ከጠያቂው

ምክራችሁን ተቀብያለሁ። የመክፈቻውን ዓረፍተ ነገር እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «የአገሪቱ ሰዎች በእሳቸው ጉዳይ ዋልታ ረግጠው ተለያይተዋል፤ እኩሌቶቹ ‹እሱ ባይኖር ጠፍተን ነበር› ሲሉ፣ እኩሌቶቹ ‹እሱ ነው ያጠፋን› ይላሉ።» «ሕዝቡ» ወጥቷል፣ ግሡም ብዙ ቁጥር ሆኗል። አስተማሪቱን ስም አልሰጠኋትም።