ፎቶዬ በትልቁ ቢታጠብ ይደበዝዛል?

ጀማሪው፦ ሰላም ለሁላችሁ። በስልክ ያነሳሁትን የቤተሰብ ፎቶ ለግድግዳ በ60 በ90 ሴንቲሜትር ላሳጥበው አስቤያለሁ። ፋይሉ 4000 በ3000 ፒክሰል (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ነው። ሪዞሉሽኑ ግን 72 ዲፒአይ፣ ማለትም ለአንድ ኢንች 72 ነጥብ፣ ይላል። አታሚው ደግሞ 300 ካልሆነ አይሆንም ብሎኛል። 72ቱን በኮምፒውተር ወደ 300 ብቀይረው ይበቃል?

ሌንስ፦ ወንድሜ፣ 72ቱን እርሳው። ፋይሉ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ነው እንጂ ፎቶው ላይ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ነገር የለም። ዋናው ፒክሰሉ ነው። 4000ን ለ300 ስታካፍል 13.3 ኢንች ይመጣል፤ 3000ውን ስታካፍል 10 ኢንች። በ2.54 አባዛው፣ 34 በ25 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። እስከዚህ መጠን አፍንጫህን አስጠግተህ ብታየውም ጥርት ያለ ነው።

ጀማሪው፦ እና 60 በ90 አይሆንም ማለት ነው?

ጥላና ብርሃን፦ ኧረ ይሆናል! 300 የሚባለው በእጅ ተይዞ ለሚታይ ፎቶ ነው። 90 ሴንቲሜትር 35.4 ኢንች ነው፤ 4000ን ለሱ ስታካፍል ለአንድ ኢንች 113 ፒክሰል ይደርሳል። ሁለት ሜትር ርቆ ለሚያይ ሰው ይበቃል። የመንገድ ማስታወቂያዎች እኮ ከዚህም በጣም ባነሰ ነው የሚታተሙት። ፎቶው ሲነሳ ከተንቀጠቀጠ ግን ምንም ስሌት አያድነውም። መጀመሪያ ስክሪን ላይ መቶ በመቶ አድርገህ ፊቶቹን እያቸው።

ቆራጩ፦ አንድ ነገር ረስታችኋል። የፎቶው ቅርጽ 4 ለ 3 ነው፤ 60 በ90 ደግሞ 2 ለ 3። ስለዚህ ከ3000ው ወደ 2667 ይወርዳል፣ አንድ ዘጠነኛው ይቆረጣል ማለት ነው። ለአታሚው ከተውክለት የአንዱን ሰው ግንባር ሊወስደው ይችላል። ራስህ ቆርጠህ ስጠው። ወይ በ60 በ80 አሳጥበው፣ ምንም አይቆረጥም።

ጀማሪው፦ 60 በ80 ይሻለኛል፣ አመሰግናለሁ። በቴሌግራም የተላከልኝ ሌላ ፎቶም አለ፣ 1280 በ960 ነው። እሱስ?

ሌንስ፦ እሱ ሲላክ ተጨምቋል። በ300 ከሄድክ 11 በ8 ሴንቲሜትር ብቻ ነው የሚወጣው። የላከልህ ሰው ዋናውን ካላጠፋው፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጎ ድጋሚ ይላክልህ።